ባል የማይናገርበት ልቦለድ

በአውሮጳውያን አቆጣጠር በሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ በጎተንበርግ ከተማ የዕለቱ የልቦለድ ምዕራፍ የሚለቀቀው ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት ትራሞቹ ጸጥ ይላሉ። ምዕራፉ የሚነበበው በግራ ጆሮ ስለሆነ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን በጥቂቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። የሚያሳዝን ቦታ ሲደርስ ትራሙ ሙሉ ሰው በአንድነት ይተነፍሳል። አንባቢ ያልሆነ መንገደኛ በመካከላቸው ቢገኝ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል።

ይማም ሙሄ የአሳንሰር መርማሪ ነበር። ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ መጥቶ በዚህች የወደብ ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ከዚህም ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት ከሚስቱ ከሉባባ ጋር። ልጅ አልወለዱም። የማለዳ ተግባሩ ከዓመት ዓመት አይለወጥም ነበር። ለሱብሒ ሶላት ይነሳል። የከተማው ሙቅ ውሃ ከአንድ ሰዓት በፊት ስለማይለቀቅ፣ የሉባባ ጣቶችም ቁርጥማት ስላለባቸው፣ እሷ ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱእ ውሃ በማንቆርቆሪያ ያሞቃል። በልጅነቱ የሰማውን መንዙማ ከንፈሩን ሳይከፍት እያንጎራጎረ የሥራ ልብሱን ይለብሳል። ከበሩ ሥር ያሉትን የሚስቱን ጫማዎች፣ እግሯን ብቻ እንድታስገባ፣ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ ያዞራል፤ ከዚያ ይወጣል። ጫማ ታዞራለህ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ አላዞርም ባለ ነበር። ሲወጣ መብራት እንደ ማጥፋት ያለ ነገር ነው፤ እጁ ያደርገዋል እንጂ እሱ አያውቀውም።

የምንጭ ሕግ ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት በአውሮጳ ልቦለዶች ውስጥ ሙስሊም ሰው የሚገባባቸው በሮች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ወይ ፈንጂ ታጥቆ ይመጣል፣ ወይ ሴት ልጁን ቆልፎባት ይገኛል፣ ወይም ቁጥሩ በዝቶ አገሩን ይወርሳል። ከደራሲዎቹ አብዛኞቹ በአንድም ሙስሊም ቤት ምሳ በልተው አያውቁም ነበር። በዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት አቤቱታ ቀረበ፤ ይማም ራሱ በየመስጊዱ ደጃፍ ቆሞ ፊርማ ካሰባሰቡት ወጣቶች አንዱ ነበር። በመጨረሻም ሕጉ ወጣ። ከእንግዲህ ሕያው ምንጭ የሌለው ሙስሊም ገጸ ባሕርይ በልቦለድ ውስጥ አይገባም፤ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ገዛ ሕይወቱ ሰሚ ለሚባለው የአሳታሚው መሣሪያ የሚናገር፣ ስሙ የተሰወረ ሰው ሊኖረው ግድ ነው። አሳታሚዎቹ አልተቃወሙም። ምንጭ ባለው ልቦለድ ሽፋን ላይ አረንጓዴ ማኅተም ይታተማል፤ አረንጓዴ ማኅተም ያለበትን መጽሐፍ ደግሞ ሐሰት ነው ብሎ መክሰስ ተከልክሏል።

ሉባባ ምንጭ ሆና የተመረጠችው በጥር ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ በኩሽናው መስኮት አጠገብ ትቀመጥና በአማርኛ ትናገራለች፤ ሰሚው ይሰማል፤ አሥር ሰዓት ሲሞላ ትነሳለች። ይማም በመጀመሪያ ኮርቶ ነበር። ስለ እኛ እውነቱን የሚናገር ሰው ተገኘ፤ እሷም ከእኔ ቤት ተገኘች ይል ነበር በልቡ። በመስከረም መጨረሻ «የሰሜን መስኮት» የተባለው ልቦለድ መውጣት ሲጀምር እሱ በየቀኑ አዳመጠ። ሉባባ ግን አንድም ምዕራፍ አላዳመጠችም። የራሷን መናገሯን፣ የመጽሐፉ ሴት ኑሮ ግን የባለቤቶቹ ጉዳይ መሆኑን ነገረችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በልቦለዱ ውስጥ ያለችው ሴት ሳሊሃ ትባላለች። ከአፍሪካ ተራሮች የመጣች፣ በወደብ ከተማ የምትኖር፣ ጣቶቿን የሚያማት ሴት ናት። ዚያድ የሚባል ባል አላት። ዚያድ ጥቁር ካፖርቱን ሳያወልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። አይናገርም። ምግብ ሲቀርብለት ይበላል፤ ሲበቃው ሳህኑን ይገፋል። ይማም ይህን ሰው አልወደደውም፤ ሆኖም ራሱ ካፖርት ስለሌለው ነገሩ እሱን የሚመለከት አልመሰለውም።

በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ኤሚል መጣ።

ኤሚል ጀልባ ጠጋኝ ነው፤ ከሳሊሃ ቤት ሥር ባለው ፎቅ ይኖራል፤ ጢሙ ሽበት ጀምሮታል። ጎሕ ሳይቀድ ደረጃውን ቀስ ብሎ ይወጣና በሳሊሃ በር ላይ ያሉትን ጫማዎች፣ እንዳትጎነበስ ብሎ፣ ወደ ውጭ ያዞርላታል። በተጨረማመተ ድስት ውሃ አሙቆ በታመሙት ጣቶቿ ላይ ያፈስላታል፤ ከምትሠራበት ከዓሣ ገበያ የያዛት ጨው እንዲለቃት ነው። ይህን ሲያደርግ ከንፈሩን ሳይከፍት የድሮ መርከበኞችን ዘፈን ያንጎራጉራል፤ ግጥሙ የጠፋበት ቦታ ሲደርስ በዜማው ብቻ ያልፈዋል። ሳሊሃም ኤሚል ትለዋለች። በደረጃው ላይ ኤሚል ትላለች፤ በመስኮቱ ኤሚል ትላለች፤ ከእንቅልፏ ስትባንን የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው።

ይማምን የመረዘው ይህ ስም ነበር። በእነሱ አገር ልማድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። የወለዱት በልጃቸው አስታከው የእገሌ አባት ይላሉ፤ ያልወለደችው ሉባባ ግን ለባሏ ከ«አንቱ» እና ከ«እሳቸው» በቀር መጠሪያ አልነበራትም። ከሌላ ክፍል ስትፈልገው ታጨበጭባለች፤ በሰው ፊት ከሆነ በጥቂቱ ትስላለች። ጸሐፊ ቢሮ ሄዳ የባለቤትሽ ስም ማነው ስትባል የመታወቂያ ካርዱን ታወጣና ጣቷን ስሙ ላይ ታደርጋለች፤ ጸሐፊው ራሱ ያነብበዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይማም የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እሱም ጎደለብኝ ብሎ አያውቅም ነበር። አሁን ግን በትራም ውስጥ፣ በሰው ሁሉ የግራ ጆሮ፣ ከሚስቱ ድምፅ የተቀዳች ሴት የሌላ ወንድ ስም እንደ ውሃ ስትጠጣው ሰማ፤ የራሱም ስም በአጥንቱ ውስጥ እንደ ተቀበረ ሆኖ ተሰማው።

ቅናት የያዘው ሰው መጥፎ አንባቢ ነው። በሠላሳ ሁለተኛው ምዕራፍ ሳሊሃ ሶላቷን ተወች፤ ደራሲው ለዚህ የሰጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ መጋረጃ እንደ ቀየረች ያህል። በወጣትነቱ እንዲህ ላለው ነገር ፊርማ ያሰባሰበው ይማም ይህን ሳያስተውል አለፈው። ዐይኑ የሚያሳድደው ኤሚልን ብቻ ነበር። ስለ ጫማዎቹ ሲሰማ የታየው የኤሚል እጅ ነው፤ የራሱ እጅ ትዝ አላለውም።

የሥራ ባልደረባው ማይብሪት የምትባል የስድሳ ዓመት ሴት ነበረች። ምንጮች ስማቸው የተሰወረ ስለሆነ የልቦለዱ ሴት ከይማም ቤት እንደ ተቀዳች አታውቅም። አንድ ማክሰኞ የአንድ ሆቴል አሳንሰር ጣራ ላይ ተቀምጠው ገመድ ሲመረምሩ ዛሬ ኤሚል ያደረገውን ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልሰማሁም አላት።

«ጫማዋን አዞረላት እኮ» አለች። «የእኔ ባል በሃያ ዓመት ውስጥ ጫማዬን ልብ ያለው ሲደናቀፍበት ብቻ ነው። ያኔም የሰደበው እኔን ነው።»

ይማም የተበጠሱትን የገመዱን ክሮች መቁጠር ቀጠለ።

«ያ ግድግዳ የሚያየው ሰውዬ ግን መቼ ነው የሚናገረው?» አለች። «አንድ ነገር ቢናገር እኮ በደንብ እጠላው ነበር። እንዲህ ዝም ብሎ ተቀምጦ መጥላትም አልቻልኩም።»

«ምናልባት የሚለው የለውም።»

«የሚለው የሌለው ሰው የለም። የጠየቀው ሰው ስለሌለ ይሆናል» አለችና መፍቻውን ተቀበለችው።

በየአንባቢው ማኅበር የሚነሳው ጥያቄም ይኸው ነበር። ዚያድ ለምን አይናገርም? አሳታሚ ድርጅቱ በትሕትና ይመልስ ነበር፤ በሕጉ መሠረት ምንጭ ያልሰጠንን ቃል በሙስሊም ገጸ ባሕርይ አፍ ላይ ማስቀመጥ አንችልም፤ ምንጫችን ስለ ባሏ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ይማም ይህን መልስ አነበበ። ስለ ባሏ አንድ ቃል አልተናገረችም። ታዲያ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ማን ትናገራለች?

በሕንጻው የሚኖሩትን ወንዶች በልቡ መዘነ። ዘጠኝ ነበሩ። ከሥራቸው ባለው ፎቅ የሚኖረው ቶርቢዮርን የሚባል የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሲሆን በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ይህ ሆኖ ሳለ ይማም አንድ ቀን በአሳንሰር ውስጥ የሽማግሌውን እጅ ጨብጦ የጀልባ ቅጥራን ይሸት እንደሆነ አሸተተ። የሸተተው የእግር ቅባት ነበር። በሌላ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ መጥቶ በሉባባ ሰዓት ከኩሽናው በር ውጭ ቆመ። ወለሉ ተንቋቋ፤ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ተቋረጠ። ሲገባ ሉባባ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ጉንጯ ቀልቶ አገኛት።

«ዛሬ በጊዜ መጡ» አለችው፤ ሳቋን እየያዘች።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል አለ ይማም በልቡ። ሚስት ስለ ባሏ ስታወራ ባሏ ቢደርስባት እንዲሁ እንደምታፍር አላሰበም።

በዓርብ ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለሼህ አንዋር ነገራቸው። ሼሁ በወሎ የደጋን ከተማ ሰው ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልቦለድ አንብበው አያውቁም። እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያም ሚስቱን ጠይቋት እንደሆነ ጠየቁት።

«ምን ብዬ?»

«ለእኔ እንደነገርከኝ ብለህ።»

«ብትዋሸኝስ ሼሃችን?»

ሽማግሌው የመስጊዱን ምንጣፍ ጠርዝ አስተካከሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ያመንካትን ሴት በአርባ ቀን መጽሐፍ ለወጥካት» አሉት። «መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች አያውቁንም ብለህ ደጃፌ ላይ ፊርማ ስትለምን አስታውሳለሁ። ዛሬ ስለ ሚስትህ የምትጠይቀው እነሱን ነው? ወደ ቤትህ ሂድ፣ ልጄ።»

ይማም ወደ ቤቱ ሄደ፤ ግን አልጠየቃትም። ሰኞ ጠዋት የሥራ ፈቃድ ወስዶ ወደ አሳታሚ ድርጅቱ ሄደ።

የቤተሰብ ክፍል የሚባለው ቢሮ በወደቡ አጠገብ በሚገኝ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሶልቬይ የምትባል የአርባ ዓመት ያህል ሴት ተቀበለችው፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ውሃ በብርጭቆ አቀረበችለት። ከምንም አስቀድማ ሕጉን ነገረችው። ከምንጭ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ ከተናገረ እሱም ምንጭ ይሆናል፤ ምንጭም ስለሆነ የቤቱን የቃል ግልባጭ የማንበብ መብት ያገኛል፤ የተናገረውን መሰረዝ ቢፈልግ እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አይችልም። ይህን ሁለት ጊዜ ነገረችው። ይማም ከዚህ ሁሉ የሰማው ግልባጭ የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ፈረመ።

ከዚያም አርባ ደቂቃ ተናገረ።

«ሚስቴ ናት» አለ። «በገዛ ቤቴ ተቀምጣ ስለ ሌላ ወንድ ስታወራ እኔ ከበር ውጭ ቆሜ ልስማ? ከአፏ የሚወጣውን ሁሉ የማወቅ መብት አለኝ። ካልሆነ ዝም ትበል። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብላ ስትኖር ምን ጎደለባት? ያንን ሰውዬ ያገኘሁት ቀን በሁለት እግሩ ከቤቴ አይወጣም። እሷም ከዚያ በኋላ ደጅ አታይም።»

ሶልቬይ አላቋረጠችውም። ይማም ሲጨርስ ብርጭቆውን አነሳ። እነዚህን ቃላት በሕይወቱ ተናግሯቸው አያውቅም፤ ከየት እንደ መጡለትም ለራሱ ገረመው። ፊርማ ባሰባሰበባቸው በእነዚያ የድሮ መጻሕፍት ውስጥ ባሎች እንዲህ ይናገሩ እንደነበር አልታወሰውም። ውሃውን ጠጣና ግልባጩን ጠየቀ።

መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የአሥር ወሩን ቃል ሰጡት። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አነበበ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ሐይቁ ዳርና ስለ እናቷ ሞት ትናገራለች። በዐርባኛው ገጽ ገደማ እንዲህ የሚል አገኘ፦

«እሳቸው ሲነሱ የተኛሁ አስመስላለሁ። ውሃው ሲንጫጫ እሰማለሁ። ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ መንዙማ ይላሉ፤ ግጥሙን ግማሹን ረስተውታል፤ የረሱት ቦታ ሲደርሱ በዜማው ብቻ ያልፉታል። ከዚያ በር ላይ ጫማዬን ያዞሩልኛል። አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ማወቄን ካወቁ አፍረው እንዳይተዉት እፈራለሁ።»

ይማም ይህን ሦስት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው ጊዜ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ተመለከተው።

ገጹን ገለጠ። በየገጹ እሱ ነበር። በትራም ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳት ራሷ ከመስታወቱ ጋር እንዳይጋጭ መዳፉን በመካከል ያስገባል። ቁርጥማቷ በጠናባት ክረምት ለአንድ ወር ያህል የቁልፍ ጉድጓዱን በየቀኑ ዘይት ቀብቷል፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ልጅ ያልወለዱት በእሷ ምክንያት መሆኑ የታወቀ ዕለት ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ብርቱካን ገዝቶላት ስለ ብርቱካኑ ጣዕም ብቻ እያወራ ቤት አደረሳት። ይህን ሁሉ ለባዕድ ጆሮ የተናገረችው ስሙን ሳትጠራ ነበር፤ ስሙ ያልተጠራ ሰው ስለሆነም በነጻነት ተናግራለች።

በሐምሌ ወር ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

«ሰሚው፦ ይህ ሰው ማን ይባላል?
መልስ፦ (ሳቅ።) እንዴት ብዬ? አይሆንም፤ እኔ አልለውም።
ሰሚው፦ ስለ ባለቤትዎስ ይነግሩናል?
መልስ፦ (ዝምታ፣ አሥራ አራት ሰኮንድ።) ውሃ ልጠጣና ልምጣ።»

በኅዳጉ ላይ አርታኢው በእጁ ሁለት ቃል ጽፎ ነበር። ከሳቁ ትይዩ «ድብቅ ፍቅር» ይላል። ከዝምታው ትይዩ «ፍርሃት» ይላል።

ከክፍሉ ሲወጣ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። ሶልቬይ ካፖርቷን ለብሳ ልትወጣ ነበር።

«ኤሚል እኔ ነኝ» አላት።

ይቅርታ ጠይቃ እንዲደግምላት ለመነችው።

«ኤሚል የሚባለው እኔ ነኝ። ሁለት ሰው የለም። ጫማውን የማዞረው እኔ ነኝ፤ ውሃውም የውዱእ ውሃ ነው፤ የዓሣ ጨው አይደለም። ስሜን ያልጠራችው በእኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም ስለማትጠራ ነው።»

ሴትዮዋ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፊቷ በእውነት ተለወጠ። ግልባጩን ከፍታ ያን ቦታ አነበበች። «ስሙን ሦስት ጊዜ ጠይቀናታል» አለች። «ሳቀች፤ አልናገርም አለች። የአንድ ወንድ ስም ስትጠየቅ እየሳቀች የምትሸሽግ ያገባች ሴት ስለ ማን እንደምታወራ እናውቃለን።»

«ከየት አወቃችሁ?»

«ካነበብነው» አለች፤ ወዲያውም ያለችውን ራሷ ሰማችው።

«እንግዲያው አርሙት።»

«አቶ ይማም» አለች ቀስ ብላ፤ «ዛሬ ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተናገሩትን ያስታውሱታል? ያንን የተናገረው ኤሚል ነው ብንል ማን ያምነናል?»

 ይማም ቃሉን እንድትመልስለት ጠየቃት። ጊዜው ካለፈ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖታል አለችው። የነገው አርባ ሁለተኛው ምዕራፍ አሥር ሰዓት ላይ ተዘግቷል። የጠዋቱ ንግግሩ ሕጉ እንደሚያዝዘው ቃል በቃል ነው የተወሰደው፤ አንድ ፊደል አልተጨመረበትም።

በዚያ ምሽት ሉባባ ራት አቀረበች። ትንሽ ብቻ ሲቀምስ አይታ «አሞዎታል እንዴ?» አለችው። ደክሞኝ ነው አላት። ሊነግራት አፉን ሁለት ጊዜ ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሥራው አወራ። ጠዋት ምዕራፉ ከመለቀቁ በፊት ሁሉንም እነግራታለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። እሷ ምዕራፎቹን እንደማታዳምጥ እያሰበም ተጽናና።

ሲነጋ ለሱብሒ ተነሳ። ውሃውን ጣደ። መንዙማውን ሊያንጎራጉር ሲል ከመኝታ ክፍሉ ሉባባ ነቅታ እንደምትሰማ አወቀ፤ ሳያንጎራጉር ተወው። ለብሶ ወደ በሩ ሄደ። ጫማዎቹ ማታ እንዳወለቀቻቸው ወደ ውስጥ ዞረው ተቀምጠዋል። ጎንበስ አለ። እጁን ሲዘረጋ የታየው የኤሚል እጅ ነበር፤ ሽበታም ጢም ያለው ሰው፣ በመቶ ሺህ አንባቢ የታወቀ፣ ጎሕ ሳይቀድ የሚጎነበስ። ይህን ነገር ያ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል፤ እሱ ግን ከእንግዲህ አስቦ ነው የሚያደርገው። የሌላ ሰው ቅጂ ይሆናል። በዚያ ሰዓት እንኳ፣ ሁሉን ካወቀ በኋላ፣ ቀናበት። ጫማዎቹን ሳይነካ ቀና አለ።

ወደ ኩሽናው ሲመለስ ሉባባ ውዱእ ልታደርግ ውሃውን እየቀዳች ነበር። የሚላትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በልቡ ሲያደራጅ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከአርባ ሆነና በመስኮቱ አጠገብ ያለው ሰሚ በራሱ ተከፈተ። ሕጉ ይማም ያላነበበው አንድ አንቀጽ ነበረው፤ ከአንድ ቤት ሁለተኛ ምንጭ በተጨመረ ጊዜ ቃሉ የገባበት ምዕራፍ ለመጀመሪያው ምንጭ በገዛ ቋንቋው ጮክ ተብሎ ይነበብለታል።

የወንድ ድምፅ ነበር፤ የሠለጠነ፣ የተቆጠበ፣ ጥሩ አማርኛ የሚናገር። ዚያድ ፊቱን ከግድግዳው አዞረ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። ከዚያም በዚያው ድምፅ፣ «ሚስቴ ናት» አለ፤ «ከአፏ የሚወጣውን ሁሉ የማወቅ መብት አለኝ» አለ፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብላ ስትኖር ምን ጎደለባት?» አለ። ምንም አልቀረም። በከተማው ሁሉ ወደ ወደቡ የሚወርዱት ትራሞች በአንድነት ተነፈሱ። ማይብሪትም፣ በየትኛው ወንበር ተቀምጣ እንደሆነ አይታወቅም እንጂ፣ በመጨረሻ በደንብ ልትጠላው ቻለች።

ንባቡ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ሉባባ ቆማ ሰማች። እጆቿ እንደረጠቡ ነበሩ፤ ውሃው ከጣቶቿ ጫፍ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ፊቷን ወደ ባሏ አላዞረችም። ሰሚው ሲዘጋ ፎጣ አንስታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀች፤ የሚያማትን ጣት ከሌሎቹ ለይታ አልዳሰሰችም።

«ይማም» አለች።

አላጨበጨበችም፤ አልሳለችም። አንድ ጸሐፊ ከመታወቂያ ካርድ ላይ እንደሚያነብበው አጥርታ ጠራችው። ይህን ስም ከአፏ ለመስማት ሠላሳ ቀን ሙሉ ሲቃጠል ኖሯል።

«ቁርስህ ጠረጴዛው ላይ ነው።»

ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ጫማዎቿን ራሷ ወደ ውጭ አዞረቻቸው።